ከርዕስ የወጣ ወሬ ግሩፑን እየዋጠው ነው፤ ቴሌግራም ላይ እንዴት ይያዛል?

ቆጥ_ጠባቂ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኜ የዶሮ አርቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። አባሉ 4,000 አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ከቢሾፍቱ፣ ከአዳማ፣ ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ፣ ጥቂቱ ደግሞ ውጭ ሆኖ እዚህ ዶሮ የሚያስረባ። የተከፈተው ለበሽታ፣ ለክትባት፣ ለመኖና ለገበያ ጥያቄ ነበር። አሁን ጠዋት ስትከፍተው የምታገኘው የ"መልካም ቀን" ሥዕል፣ መዝሙርና መንዙማ፣ ፎርዋርድ የተደረገ ዜና፣ የኳስ ውጤት፣ "በዚህ ሊንክ ገብታችሁ ኮይን ሰብስቡ" እና የእርዳታ ጥሪ ነው። በመሃል አንድ ሰው "ጫጩቶቼ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ነው" ብሎ ይጽፋል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጥያቄው ተገፍቶ ከዓይን ይጠፋል። ፈንግል (ዶሮ የሚፈጅ ተላላፊ በሽታ) የገባበት ቤት ደግሞ እስከ ነገ አይጠብቅም።

አድሚኖቹ ለሁለት ተከፍለናል። ግማሹ "ከዶሮ ውጭ ያለ ሁሉ ይጥፋ" ይላል፣ ግማሹ "ሰው የሚቆየው ለጨዋታውም ነው" ይላል። ቶፒክ (ግሩፑን በየርዕሱ ክፍል የሚከፍለውን) ማብራት ይሻላል ወይስ ለጨዋታ ሌላ ግሩፕ መክፈት? ሌላም አለ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም አሉን፣ በመልስ የሚስተካከላቸው የለም። በየማለዳው አራት አምስት መንፈሳዊ ቪዲዮ የሚለጥፉትም እሳቸው ናቸው። እንዴት ብሎ ይነገራቸዋል?

ገመድ_አልባ

ከመከራከራችሁ በፊት ቁጠሩ። ወደ ኋላ 300 መልእክት ሂዱና ጥያቄ፣ መልስ፣ ማስታወቂያ፣ ሰላምታና መንፈሳዊ፣ ሌላ ወሬ እያላችሁ ለዩት። ከዚያ ዋናው ቆጠራ፦ ከጥያቄዎቹ ስንቶቹ በ12 ሰዓት ውስጥ መልስ አላገኙም? መለኪያችሁ ይህ ይሁን። ወሬው በዝቶ ጥያቄው ሁሉ እየተመለሰ ከሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ወሬው ትንሽ ሆኖ ጥያቄ ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ወሬ በማጥፋት አትፈቱትም፤ መላሽ ነው ያጠራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ጨዋታ ሳይሆን ፎርዋርድ ነው። ጨዋታን ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ፎርዋርድ ግን በአንድ ንክኪ አሥር ግሩፕ ላይ ይበተናል፣ የለጠፈው ሰውም ተመልሶ አያየውም።

በዚህ የአባል ብዛት ቶፒክ ማብራት ግድ ነው። ከግሩፑ ፕሮፋይል ወደ ኤዲት ገብታችሁ ቶፒክስ የሚለውን ታበራላችሁ። ግሩፑ ለአንድ ቻናል የኮሜንት ቦታ ሆኖ ከተያያዘ ምርጫው ላይከፈትላችሁ ስለሚችል መጀመሪያ ማያያዣውን ፍቱ። ክፍሎቹን አታብዙ፤ ስድስት ይበቃል። በሽታና ክትባት፣ መኖና ውሃ፣ ቤትና ዕቃ፣ ገበያና ዋጋ፣ ጨዋታ ቤት፣ አንድ ደግሞ አድሚን ብቻ የሚጽፍበት የተዘጋ የማስታወቂያ ክፍል። ከስድስት ካለፈ ሰው "የቱ ጋ ልጻፍ?" ማለት ይጀምርና ያገኘው ላይ ይጽፋል። ፐርሚሽን (ለአባላት የሚፈቀደው የሚወሰንበት) ውስጥ አባላት ቶፒክ እንዳይከፍቱ መዝጋትን አትርሱ፤ ካልዘጋችሁ በሳምንት ውስጥ "ሰላም" የሚባል ቶፒክ ሁሉ ይኖራችኋል።

የቶፒክ ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ አባል ጨዋታ ቤቱን ብቻ ለይቶ ሚውት ማድረግ መቻሉ ነው። የተለየ ግሩፕ ብትከፍቱ ግን የሚገቡት ያው አውሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ የሚያደምጣቸው ሲያጡ ወደ ዋናው ይመለሳሉ።

ቶፒክ ስታበሩ በራሱ የሚመጣው ጀነራል የሚባለው ቶፒክ አይሰረዝም፤ ስሙን መቀየር ወይም መደበቅ ግን ይቻላል። እኔ ብሆን እሱን ጨዋታ ቤት አደርገዋለሁ። ግድ የሌለው ሰው የሚጽፈው እዚያ ስለሆነ ወሬው ራሱ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛ_ቁልፍ

ከገመድ_አልባ ጋር ብዙው ላይ እስማማለሁ፤ ጀነራሉ ላይ ግን በፍጹም። ጀነራል ላይ የሚጽፉት እነማን እንደሆኑ አስቡ። አንደኛው ትናንት የገባ አዲስ አባል ነው፣ ጫጩቱ እየሞተበት ቶፒክ ለመምረጥ ጊዜ የለውም። ሌላው ግሩፑን "እንደ መልእክት ይታይ" በሚለው ምርጫ የሚከፍት ነው፤ ሁሉም ቶፒክ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይታየዋል፣ ለሰው ሪፕላይ ካላደረገ በቀር የሚጽፈው ሁሉ ጀነራል ላይ ያርፋል። አውሪው መንገዱን ያውቃል፤ ጨዋታ ቤት የትም ቢሆን ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ጀነራሉን "ጥያቄ እዚህ" በሉትና ከሁሉም በላይ አቁሙት።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፦ ቴሌግራም መልእክትን ከቶፒክ ወደ ቶፒክ የሚያዛውር ቁልፍ የለውም። የሚደረገው ወደ ትክክለኛው ክፍል ፎርዋርድ አድርጎ ዋናውን ማጥፋት ነው። ሲደረግ ሁለት ነገር ይበላሻል። ለዚያ መልእክት የተሰጡ ሪፕላዮች ከሥራቸው ይነቀላሉ፤ ስለዚህ መልስ ካገኘ በኋላ አታዛውሩት፣ ባለበት ተዉት። ሌላው፣ ጸሐፊው በፕራይቬሲው ፎርዋርድን ከዘጋ ስሙ ብቻ ይቀራል እንጂ ተነክቶ ወደ እሱ አያደርስም፤ መላሹ "ስንት ቀናቸው ነው?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። ሲዛወር ስሙን በ"@" ጥሩት። ግሩፑ ላይ ይዘት እንዳይወሰድ የሚከለክለውን ማስተካከያ ካበራችሁ ደግሞ ፎርዋርዱ ራሱ እምቢ ይላል።

ሲያዛውሩ የሚጻፈው አጭር ይሁን፦ "ጥያቄህን ወደ መኖ ክፍል ወስደነዋል፣ እዚያ ይመለስልሃል።" ይሄው ነው። "ስንት ጊዜ እንንገራችሁ" የሚል ማስጠንቀቂያ ራሱ ከርዕስ የወጣ መልእክት ነው፤ ከሥሩም ሃያ የይቅርታና የክርክር መልእክት ይወልዳል።

ስሎው ሞድ (አባል አንድ መልእክት ጽፎ ሌላ እስኪጽፍ የሚያስጠብቀውን) የሚመክር ይመጣል፣ ተጠንቀቁ። 10 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ፣ 1 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ እና 1 ሰዓት የሚሉ ምርጫዎች አሉት፤ አድሚን አይመለከተውም። ወሬ ይቀንሳል ተብሎ 5 ደቂቃ ላይ ሲደረግ የሚቀጣው ጠያቂው ነው። ሐኪሙ "ክትባት ወስደዋል? ኩሳቸው ምን ይመስላል? ስንት ሞተ?" ሲሉት አንዱን መልሶ ለሁለተኛው አምስት ደቂቃ ይቆማል። ፎርዋርድ የሚበትነው ሰው በቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ እሱን ምንም አይነካውም። ለዘወትር 30 ሰከንድ ወይም ምንም። 1 ሰዓቱን ጠብ ሲነሳ ብቻ አውጡት። ደግሞ ስሎው ሞድም ሆነ ፐርሚሽን በግሩፕ ደረጃ እንጂ በቶፒክ አይለይም፦ ቪዲዮ ከዘጋችሁ ጨዋታ ቤትም በሽታ ክፍልም ይዘጋል።

ፊደል_ቆጣሪ

እዚያው ቪዲዮ ላይ ልጨምር። ቪዲዮ አትዝጉ። የሚጠማዘዝ አንገት ወይም በአፏ የምትተነፍስ ዶሮ በፎቶ አይታይም። ስቲከርና ጂፍ ዝጉ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮና የድምፅ መልእክት ክፍት ይሁን። መቆለፍ ያለበት ፎርዋርድ ነው። የበሽታ ቪዲዮ ባለቤቱ በስልኩ ቀርጾ ነው የሚልከው፤ ዜናው፣ መዝሙሩና የኮይኑ ሊንክ ግን ዘጠና እጅ ፎርዋርድ ነው። ይህን ቴሌግራም ራሱ አይለይላችሁም፣ ቦት (በራሱ የሚሠራ ረዳት አካውንት) ያስፈልጋል። ሮዝ የሚባለው ቦት በነፃ ይሠራዋል፤ ፎርዋርድን፣ የግብዣ ሊንክን፣ ማንኛውንም ሊንክ ለየብቻ መቆለፊያ አለው። ያለፈቃድ እንዳያጠፋ የምትፈልጓቸውን ቻናሎች ነፃ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ።

ቦቱን አድሚን ስታደርጉ መልእክት ማጥፋትና አባል ማገድ ብቻ ስጡት። አዲስ አድሚን የመሾም መብት አትስጡ፣ አያስፈልገውም። አድሚን ካልሆነ ደግሞ የሰው መልእክት ማጥፋት ስለማይችል "አይሠራም" ብላችሁ በከንቱ ትደክማላችሁ። ከ200 በላይ አባል ስላላችሁ የቴሌግራሙን የራሱን ጠንካራ የስፓም መከላከያም አብሩ። አንዳንዴ ንጹሕ መልእክት ያጠፋል። ያጠፋውን በቅርብ ድርጊቶች መዝገብ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ መዝገቡ የሚይዘው የ48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ አንድ አድሚን በቀን አንዴ ይየው።

በቃል ማጣራት ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ በአማርኛ በተለይ። "ሀ፣ ሐ፣ ኀ"፣ "ሰ፣ ሠ"፣ "አ፣ ዐ"፣ "ጸ፣ ፀ" የሚጻፉት እንደ ሰዉ ልማድ ነው፤ ለቦቱ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። "ኤርድሮፕ" (ነፃ ኮይን እንሰጣለን የሚለውን) ብትከለክሉ "ኤይርድሮፕ" እና "ኤርድሮፑን" ያልፋሉ፤ ቃሉ ላይ የሚጣበቀው "በ፣ የ፣ ለ፣ ን፣ ው" ሁሉ ሌላ ቃል ያደርገዋል። ቦቱ የሚቀበለውን የኮከብ ምልክት ከፊትና ከኋላ ጨምራችሁ ልታሰፉት ትችላላችሁ፣ ግን አጭር ቃል ላይ እንዳታደርጉት። "ብር" የሚለውን በኮከብ ብትከለክሉ "ግብር"ም "ብርድ"ም አብሮ ይጠፋል፤ ጫጩት ስለበረዳት የሚጠይቅ ሰው መልእክቱ ለምን እንደጠፋ አይገባውም። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ደግሞ ከነጭራሹ ያልፋችኋል። ስለዚህ ለቃል ሳይሆን ለዓይነት ቆልፉ፦ ፎርዋርድ፣ ሊንክ፣ ስቲከር።

የማስጠንቀቂያ ብዛት ሦስት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ለዘለዓለም ከማባረር ለአንድ ሳምንት መጻፍ መከልከል ይሻላል፤ ማንበብ ይችላል፣ ሲመለስም አያኮርፍም። ለኮይን ሊንክ ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረር፤ እሱን ስታግዱ "የዚህ ሰው መልእክት ሁሉ ይጥፋ" የሚለውንም ምልክት አድርጉ።

የጎፋዋ

ወንድሜ ቆጥ_ጠባቂ፣ ስለ ሐኪሙ ማንም ስላልመለሰልህ ልመልስ። በግሩፑ ውስጥ እንዳትናገራቸው፣ ቦቱም እንዳያጠፋባቸው። በ4,000 ሰው ፊት የማስጠንቀቂያ መልእክት የደረሳቸው አዛውንት ደግመው አይጽፉም፤ አብሯቸው የሚሄደው ደግሞ የምትሳሱለት መልሳቸው ነው። በውስጥ መልእክትም አይሁን፤ ጽሑፍ ከወጣት ወደ አዛውንት ሲሄድ ቁጣ ይመስላል። ደውሉላቸው። ከአድሚኖቹ በዕድሜ የሚቀርባቸው ይደውል። መጀመሪያ ችግሩን እንደ ግሩፑ ችግር ንገሩ፦ "ጋሼ፣ የታመመ ዶሮ ያለበት ሰው ጥያቄ እየጠፋብን ነው፣ እርስዎም እንዳያዩት ሆኗል።" ይህ እውነት ነው፤ እሳቸውም ከማንም በፊት ይረዱታል። ቀጥሎ "መንፈሳዊው የራሱ ቦታ ተከፍቶለታል፣ በዚያ ያስቀጥሉልን" በሉ። ፎርዋርድ የሚቆለፈው ከዚህ ስልክ በኋላ ይሁን። ከተቻለ በሳምንት አንድ ማታ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት እንበል፣ በድምፅ ቻት ጥያቄ የሚመልሱበት ሰዓት ስጧቸው።

በዓል ላይ ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑ እንዲታይ አድርጉ። በፋሲካ ዝም ብላችሁ በዒድ አልፈጥር "ከርዕስ ውጭ ነው" ካላችሁ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ግሩፑ አበቃለት። የሚሠራው መንገድ፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሁለቱ ዒዶች እና መውሊድ በዋዜማው ማታ አድሚኑ አንድ መልካም ምኞት ይለጥፋል፣ አባላት በሪአክሽን ይመልሳሉ። ሪአክሽን አዲስ መልእክት ስለማይሆን ጥያቄ አይገፋም። ደግሞ ለእናንተ በዓል ማለት የእንቁላልና የዶሮ ዋጋ የሚወጣበት ሳምንት ነው፤ ገበያ ክፍሉ ያን ሳምንት በጣም ስለሚሞላ አንድ አድሚን እሱን ብቻ ይያዝ።

የእርዳታ ጥሪ ሌላ ነገር ነው። "ከርዕስ ውጭ" ብሎ ማጥፋት በእኛ አገር ጭካኔ ነው፣ ሳያጣሩ መተው ደግሞ ለአጭበርባሪ በር መክፈት ነው። አባሉ ራሱ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ለታመመበት ብቻ ይፈቀድ። አድሚን ደውሎ ያናግረው፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ይየው፣ የሒሳቡ ባለቤት ስም ከታካሚው ወይም ከአሳካሚው ስም ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በባንክ አፕ ወይም በቴሌብር ቁጥሩን ስታስገቡ ገንዘቡ ሳይላክ ስሙ ይወጣል። ጥሪውን የሚለጥፈው አድሚን ብቻ ነው፣ በማስታወቂያ ክፍሉ፣ ለ7 ቀን። ምክንያቱም የተለመደው ማጭበርበር ትክክለኛውን ፎቶና ታሪክ ወስዶ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ መለጠፍ ነው። "ከማስታወቂያ ክፍሉ ውጭ የምታዩት የሒሳብ ቁጥር ሁሉ የእኛ አይደለም" የሚለውን ፒን አድርጉ። ሐዘን ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ጥያቄ አያስፈልግም፤ የሟቹ ስምና የለቅሶው ቦታ በማስታወቂያ ክፍሉ ይጻፍ። "ነፍስ ይማር" መባባሉ ጨዋታ ቤት ላይ አይደረግም፣ የክፍሉ ስም ራሱ ያስነውራል። እዚያው ማስታወቂያው ሥር በሪአክሽን ይሁን።

ፖለቲካን በተመለከተ አንድ ዘዴ ብቻ አለ፤ ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ ይጥፋ፣ የለዘበውም የከረረውም። መጀመሪያ የጻፈውን ብቻ አጥፍታችሁ መልሱን ከተዋችሁ፣ ወይም የተሳደበውን ለይታችሁ ካጠፋችሁ፣ አድሚኑ ወገን ያዘ ይባላል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁም፣ ቁጥር 1185/2012፣ እንደቀልድ የሚታይ አይደለም። እሳቱ ከተነሳ በፐርሚሽኑ መልእክት መላክን ለተወሰነ ሰዓት ዝጉ፣ "እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተዘግቷል፣ አስቸኳይ የበሽታ ጥያቄ ያለው ለእነዚህ አድሚኖች ይጻፍ" ብላችሁ።

ቆጥ_ጠባቂ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጎፋዋ፤ ስለ ጋሼ ያልሽው ልክ ነው፣ የሚደውል ሰው አለን። ሁለት ነገር ቀረኝ። የአንድ ቀን ጫጩት ሻጮችን ምን እናድርጋቸው? ከርዕስ ውጭ ናቸው እንዳልል ዶሮ ነው የሚሸጡት፤ ግን በቀን ስድስት ጊዜ አንድ ጽሑፍ ይደግማሉ። የጀነራሉንስ ነገር በምን እንለየው?

ሁለተኛ_ቁልፍ

ሻጭ ገበያ ክፍል ብቻ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እና ማስታወቂያው አራት ነገር ካልያዘ ይጥፋ፦ ዝርያው፣ የተወሰደው ክትባት ከነቀኑ፣ ዋጋው፣ የሚረከቡበት ከተማ። "ለዋጋ በውስጥ" የሚል ማስታወቂያ አይፈቀድ፤ ሃምሳ ሰው "ስንት ነው?" እያለ ክፍሉን የሚሞላው በእሱ ምክንያት ነው። በሳምንት አንዴ የሚለውን ቦት አይቆጥርላችሁም፤ የሻጩን ስም በግሩፑ ፍለጋ ውስጥ በላኪ ለይታችሁ ስትፈልጉ ያለፈው ቀኑ ይታያችኋል።

ገመድ_አልባ

ጀነራሉን ለሁለተኛ_ቁልፍ ለቅቄያለሁ፣ "እንደ መልእክት ይታይ" የሚለውን ምርጫ አላሰብኩትም ነበር። ብቻ ስሙን "ጥያቄ እዚህ" ካላችሁት ፒን የሚደረገው ሕግ ከስልክ አንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ይህን ያህል ይበቃል፦

"እንኳን ደህና መጡ። የበሽታ ጥያቄ ሲጽፉ፦ ዕድሜ በቀን፣ ብዛት፣ የሞተ ብዛት፣ የወሰዱት ክትባት፣ ምልክቱ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ። ሽያጭ ገበያ ክፍል። ሰላምታና ጨዋታ ጨዋታ ቤት። ፎርዋርድ በራሱ ይጠፋል፣ አድሚን አልተቆጣዎትም። ፖለቲካ አይገባም።"

ባሕር_ማዶ

ከአርቢዎቹ መካከል ውጭ አገር ያሉት፣ በተለይ ዓረብ አገርና እስራኤል ያሉት፣ ዋትሳፕ ላይ ከሆኑ ያው ዘዴ በኮሙኒቲ ይሠራል፤ አንድ የማስታወቂያ ግሩፕ አድሚን ብቻ የሚጽፍበት፣ ከሥሩ ጥያቄና ጨዋታ በየራሳቸው ግሩፕ። አንዱ ግሩፕ ከ1,024 ሰው በላይ አይይዝም። አድሚን የማንንም መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይችላል፣ ግን ማን እንዳጠፋው ተጽፎ ይቀራል፤ ስም የለሽ አድሚን እንደ ቴሌግራሙ የለም። ስለዚህ እዚያ የሚያጠፋው ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ አለበለዚያ ቅሬታው ሁሉ በአንድ ሰው የውስጥ መልእክት ላይ ያርፋል።